ለክረምት ከሐዋሳ ስንወጣ ድመቷን ለማን እንተዋት?

መነሻው ጥያቄ፦ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የቀረበ ነው። ጠያቂዋ አቶቴ አካባቢ የምትኖር መምህርት ናት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ነሐሴ እንደገባ ሁለት ልጆቿን ይዛ ደሴ ወላጆቿ ዘንድ ትሄዳለች። የምትመለሰው ለአዲስ ዓመት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቤቱ ባዶ ይሆናል። ያስጨነቃት የውርዬ ነገር ነው። ውርዬ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዝንጉርጉር፣ ከልጆቹ ጋር የምትተኛ፣ ከግቢ ወጥታ የማታውቅ ድመት። ጠያቂዋ ሦስት መንገድ አስባለች። አንዱ ለጎረቤት አደራ መስጠት ነው። ሁለተኛው በካርቶን አድርጎ በአውቶብስ ይዟት መሄድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዘመድ የመከራት ነው፦ ዓሣ ስለማይጠፋ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስዶ መልቀቅ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንዳለቀሱ ጽፋ፣ ልምድ ያለው ሰው እንዲመክራት በትሕትና ጠየቀች።

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች ተከታትዬዋለሁ። የተባለውን በራሴ አነጋገር አሰፍራለሁ፣ የማልስማማበትም ላይ እናገራለሁ። ጉዳዩ ያገባኛል። በየክረምቱ ሰፈራችን ውስጥ ባለቤት የሄደባቸው ድመቶች በየማድ ቤቱ በር ላይ ሲጮኹ እሰማለሁ። መስከረም ሲጠባ ብዙዎቹ አይታዩም።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው፤ ጭንቀቷን ሊያቀልላት ፈልጎ ነው የጻፈው። ባደገበት ገጠር ለድመት ምግብ የሚያቀርብ ሰው አልነበረም። ጎተራ ሥር አይጥ ስለማይጠፋ ድመቶቹ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ እንድትሄድ መከራት።

ይህን ምክር ያልሰማ የለም። እኔ ይህን ሁሉ ለመጻፍ የተነሣሁትም በእሱ ምክንያት ነው። የገጠር ጎተራና የአቶቴ ኪራይ ቤት ለየቅል ናቸው። ሳህኗ ላይ ምግብ እየቀረበላት ያደገች ድመት አይጥ ብትይዝ እንኳ ለጨዋታ ትይዛለች እንጂ ወር ሙሉ በዚያ ጠግባ አታድርም። ራሷን ትችላለች የሚለው አባባል ለሚሄደው ሰው እፎይታ ይሰጣል፤ ለምትቀረዋ ግን ምንም አያደርግላትም።

ምላሽ 2፦ ሞኖፖል አካባቢ ያለች ሴት በከፊል ተስማማች፣ ግን መስኮት ከፍቶ መሄዱ ብቻ አይበቃም ባይ ናት። እሷ ባለፈው ክረምት ወደ ሶዶ ስትሄድ ዳቦ በወተት አርሳ በትልቅ ሳህን ትታ ነበር። ወተቱ በማግሥቱ ሳይኮመጥጥ አልቀረም። ስትመለስ ሳህኑን ጉንዳን ወርሶታል፣ ድመቷም ጎረቤት ጣራ ላይ ከስታ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የምግቡን ነገር ሰው ይጨነቅበት፣ ውሃውን ግን ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ ነው የምትለው፤ አንዱ ቢደፋ ሌላው ይተርፋልና።

ምላሽ 3፦ ውይይቱን ቁም ነገር ያስያዘው ይህ ነው። ጸሐፊው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ወጣት ነው። ረጅም ነው የጻፈው፤ ባሳጥረው ይጎዳል።

ድመት ሥጋ በል ናት፤ የግድ። ውሻ ፍርፋሪም ቀምሶ ይከርማል፣ ድመት ግን ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ሁኔታ ስለማያመርት ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት። ይህ ሲጓደልባት ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧም ይደክማል። እንጀራ በሽሮ ሆዷን ይሞላል እንጂ አያኖራትም። ከዚያም በላይ ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስልም ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያፈርሳል። ወተትም ቢሆን ለአዋቂ ድመት ምግብ አይደለም፤ ብዙዎቹ ስለማይፈጩት ያስቀምጣቸዋል።

ቀጥሎ የጻፈውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለተከታታይ ቀናት ሳትበላ ከቀረች በሰውነቷ ያለው ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ለሞት የሚያደርስ ሕመም ይይዛታል። ባለቤቷ ሄዶባት በሐዘን ምግብ የምታቆም ድመት ስላለች፣ የሚጠብቃት ሰው ሳህኑን ሞልቶ መሄድ ብቻ ሳይሆን መብላቷንም ማየት አለበት።

ለምላሽ 1 ደግሞ ስለ አይጡ መልስ ሰጠው። በክረምት ዝናቡ ጉድጓዱን ሲሞላው አይጥ ወደ ቤት ይገባል። ሰውም መርዝ ያስቀምጣል። መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው ስለማትሞትና ስለምትፈዝ ለድመት ቀላል ሲሳይ ትሆናለች። ድመቷም አብራ ትመረዛለች። ስለዚህ ጠያቂዋ ከመሄዷ በፊት አከራዮቿንና ጎረቤቶቿን መርዝ አስቀምጠው እንደሆነ ትጠይቅ። ይህችን አንዲት ጥያቄ ሁላችሁም ጠይቁ፤ ጎረቤት ካልጠየቁት አይነግርም።

ምላሽ 4 እስከ 6፦ አንዱ የእሱ ድመት የዶሮ ወጥ አጥንት እየቆረጠመች ስምንት ዓመት እንደኖረች ጽፎ፣ ፈረንጅ ያመጣውን ቅብጠት ተዉት አለ። ሌላዋ ክፉኛ መለሰችለት፤ ጋሼ ማለቱን ትታ አንተ ብላ ጀመረች። ወጣቱ ተማሪ ነገሩን አበረደው። የበሰለ አጥንት እንደ ጥሬው አይደለም፣ ሲሰበር ይሾላል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ስምንት ዓመት የኖረችው ዕድለኛ ስለሆነች ነው፤ ያልታደሉትን ማንም አይቆጥራቸውም።

ምላሽ 7፦ እዚህ ላይ አንዲት እናት ገቡ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ያነሡት እሳቸው ናቸው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ የሚፈታውም 16 ነው። የጠያቂዋ ጎረቤቶች የሚጾሙ ከሆኑ ቤታቸው ሥጋም ወተትም አይገባም፣ ብዙ ሥጋ ቤትም ይዘጋል። ጎረቤት ከራሱ ማዕድ የሚተርፈውን ነው ለድመት የሚሰጠው። በፍልሰታ ደግሞ የሚተርፈው ሽሮና ምስር ነው፣ ሽንኩርቱ እንዳለ። ጎረቤቷ ክፉ ሆና ሳይሆን እጇ ላይ ስለሌለ ድመቷ ትራባለች። እናቲቱ ይህን በቁጣ አላሉትም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው፣ ስለዚህ አደራ የሚሰጥ ሰው አደራውን የሚያስጠብቅበትን ነገር አብሮ ይስጥ ነው ያሉት።

ምላሽ 8 እስከ 12፦ ከዚህ በኋላ ጨዋታው ከመስመር ወጣ። አንዱ ዓሣ ይሰጣታል ብሎ ቢጽፍ፣ ሌላው በፍልሰታ ዓሣ ይበላል እንዴ አለ። ዓሣ ጾምን ይፈታል አይፈታም የሚለው ክርክር አምስት ምላሽ በላ። አንዱ የአያቱን ልማድ ጠቀሰ፣ ሌላዋ የንስሐ አባቷን። ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ ስለሆነች ጥያቄው እዚህ በየዓመቱ ይነሣል፤ እኔ አልገባበትም።

ምላሽ 13፦ ሰባኪ ቤተሰብ ውስጥ ያደገች ልጅ ውይይቱን ወደ ቦታው መለሰችው። ውርዬ አልቆረበችም፣ አትጾምም፤ ጎረቤቷም ለድመት ዓሣ ስለቀቀለች ጾሟ አይፈርስም። ካልሆነም ሐዋሳ ውስጥ በፍልሰታ የማይጾም ጎረቤት ሞልቷል፣ ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ነው የሚኖረው። እንዲህ ያለውን ጎረቤት ማስቸገር ነውር የለበትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ምላሽ 14፦ አንድ ሰው የዘመዷን ሐሳብ ደገፈ፤ አሞራ ገደል ይሻላል አለ። እዚያ ድመቶች አይቷል፣ ወፍረዋል፣ ዓሣ አጥማጁ የሚጥለው ሆድ ዕቃ ለመንደር ይበቃል። ለምን የማይፈልገውን ሰው ታስቸግራለች?

ምላሽ 15፦ የመጣበት ስድብ እዚህ አይጻፍም። ልጅህንም ሐይቅ ዳር ትጥላለህ ወይ የሚል ነበር ጭብጡ። የመድረኩ ኃላፊ ግማሹን አጥፍቶታል፣ መልካም አደረገ።

ምላሽ 16፦ ከስድቡ ይልቅ ነገሩን የዘጋችው አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ ሴት ናት። የምታየውን ብቻ ጻፈች። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ ዓሣው ይበለታል፣ ትርፍራፊው ይወረወራል። ቀድመው የሚደርሱት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ናቸው፤ ቁመታቸው የልጅ ያህላል፣ መንቁራቸው እንደ ጩቤ ነው። ከእነሱ የተረፈውን ውሾች ይወስዳሉ። ከውሾቹ ያመለጠውን እዚያው የተወለዱት ድመቶች ይሻሙበታል። እያንዳንዱ ጥግ ባለቤት አለው። የሰው ቤት ድመት ተለቅቃ ያየችው ብዙ ጊዜ ነው፤ ከጀልባ ሥር ትገባና ሌሊት ሌሊት ስትጮህ ትሰማለች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ድምፅዋ ይጠፋል። በትርፍራፊው ውስጥ መንጠቆ የሚቀርበት ጊዜም አለ።

ሴትየዋ ተቃውማ ብቻ አልሄደችም፣ አሠራሩንም አሳየች። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ትንንሹ ርካሽ ነው፣ ለድመት ይበቃል። ጨው ሳይገባበት፣ ሽንኩርት ሳይነካው በንጹሕ ውሃ ይቀቀላል። ሲበርድ ከጀርባው ጀምሮ በጣት እየዳሰሱ እሾኹን መልቀም ነው፤ የሆዱ አካባቢ ያለችው ቀጭን እሾኽ ናት ጉሮሮ ላይ የምትሰካው። ሥጋው በጣት ተፈርፍሮ በትንንሽ ፌስታል ይቋጠርና የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ይገባል፣ በቀን አንድ አንድ ቋጠሮ ይወጣል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ግን የቀለጠውን ደግሞ ማቀዝቀዝ አይገባም። ጥሬውን አትስጡ ያለችበትን ምክንያት ተማሪው አሟላላት፦ ብዙ ዓይነት ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ አንድን የሚያፈርስ ነገር አለው፣ ሁልጊዜ ጥሬ የምትበላ ድመት ነርቯ ይታመማል። ዓሣ ብቻም አይበቃም፤ አልፎ አልፎ የተቀቀለ የዶሮ ወይም የበሬ ጉበት ትንሽ ይጨመርላት። አቅም ያለው ከሱፐርማርኬት ደረቁን የድመት ምግብ ቢገዛ ለሚጠብቀው ሰው ሥራው ይቀላል።

ምላሽ 17፦ አንድ ጎልማሳ ድመት ይዞ በአውቶብስ የሄደበትን ጉዞ ተረከ። በካርቶን አድርጎ፣ በሲባጎ አስሮ፣ እግሩ ሥር አስቀመጠ። ሻሸመኔ ሳይደርሱ ድመቷ ከፍርሃት የተነሣ ካርቶኑ ውስጥ ሸናች። ካርቶኑ ራሰ። የራሰ ካርቶን ደግሞ ለጥፍር ወረቀት ነው። ቀድዳው ወጥታ በወንበር ሥር ሾልካ ሾፌሩ እግር ዘንድ ደረሰች። ረዳቱ ጮኸ፣ አንዲት ሴትዮ ወንበር ላይ ወጡ፣ ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ቆሞ ጠበቀ። ሲይዛት ክንዱን ከላይ እስከ ታች ቧጨረችው። ለቅርብ መንገድ ካልሆነ አልደግመውም ነው ያለው። ከሐዋሳ ደሴ ደግሞ አዲስ አበባን አልፎ ሰሜን መውጣት ነው፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ መንገድ አይደለም።

ምላሽ 18 እና 19፦ ይዞ መሄድ ግድ ለሆነበት ሰው ሁለት ሰዎች ዘዴ ጨመሩ። ሁለት የላስቲክ ቅርጫት አፍ ለአፍ ገጥሞ ዙሪያውን በሽቦ ማሰር። አየር ይገባል፣ አይርስም፣ አይቀደድም። ከሥር የምታውቀው ጨርቅ ይነጠፋል። ቅርጫቱ ከጉዞው ብዙ ቀን ቀድሞ ቤት ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቀመጥ፣ እየገባች ትተኛበት። ከመነሣቷ ጥቂት ሰዓት በፊት ምግብ አይሰጣት፣ ታስመልሳለች። ሲደርሱ ወዲያው ግቢ ውስጥ መልቀቅ አይገባም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግታ ሽታውን እስክትለምድ ትቆይ። ድመት የምትጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በደረሰችበት ዕለት ነው። እኔም ይህን አይቻለሁ፤ ፈርታ አጥር የዘለለች ድመት መመለሻውን አታውቀውም።

ምላሽ 20፦ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሰው ድመት ቤት ውስጥ ማሳደሩ ራሱ ስህተት ነው አለ። ፀጉሯን የዋጠ ሰው አስም ይይዘዋል፣ የልጆቹ ጤና ይቅደም። ብዙዎች ተስማሙ። እንደ ልማድ ሁላችንም ከእናቶቻችን የሰማነው ነው።

ምላሽ 21፦ ተማሪው ተመለሰ። ፀጉር በመዋጥ አስም አይመጣም። በምራቋና በቆዳዋ ላይ ያለው ፕሮቲን አለርጂ ያለበትን ሰው ይቀሰቅስበታል፣ አስም ካለበትም ያባብስበታል። ስለዚህ አደራ የሚቀበለው ቤት አስም ያለበት ሰው ካለ ሌላ ቤት መፈለግ ነው። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ይጥረግ። አሸዋው ወይም ሰጋቱራው በየቀኑ ከተቀየረ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል፣ በዓይነ ምድሯ የሚወጣው ተውሳክ ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና።

ከዚያ ትልቁን ነገር አነሣ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዛታል፣ ታስተላልፋለችም። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበች ድመት መከላከያው እስኪሠራላት አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። የነሐሴ ተጓዥ እንግዲህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው ማስከተብ ያለበት። እንስሳ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የአውቶብሱን ሰውዬ ይህን አድርጎ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬው ቁስሉን አረቄ ቀብቶ ዝም እንዳለ መለሰ፤ ደግነቱ ድመቷ የተከተበች ነበረች።

ምላሽ 22 እስከ 25፦ የቁልፉ ነገር ሰው አጣላ። አንድ የሰፈር ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ ክረምቱን ሥራ ስለሌለው ትንሽ የኪስ ገንዘብ ከተሰጠው በየቀኑ ሄዶ እንደሚያበላ ጻፈ። ለልጅ ቁልፍ ይሰጣል ወይ ብሎ አንዱ ተነሣበት፤ ባዶ ቤት እንዳለ በአደባባይ መጻፉም ሌባ መጥራት ነው አለ። ልጁ ተቀየመ። አንድ አዛውንት ገቡና ልጁን አጽናኑት፣ የተቆጣውንም ተው ልጄ አሉት። መላ ያሉት ደግሞ ቀላል ነው። ትልቁ ቤት ይቆለፍ፣ ቁልፉም ከባለቤቷ ጋር ይሂድ። ድመቷ ማድ ቤት ትሁን፣ የማድ ቤቱ ቁልፍ ብቻ ለጠባቂው ይሰጥ። የከሰሉ ማንደጃና ዘይቱ ይውጣ፣ ጨርቋና አሸዋዋ ይግባ። ልጁም ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር አብሮ ይያዘው። እኔ በዚህ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ድመት ቦታዋን ስለምትወድ ሰው ወደ እሷ ይምጣ እንጂ እሷ ወደማታውቀው ቤት ባትሄድ ይመረጣል።

ምላሽ 26፦ አንዲት ሴት በአጭሩ ጠየቀች፦ ውርዬ መክናለች ወይ? ካልመከነች በአንድ ወር ውስጥ አጥር ዘልላ ትሄዳለች፣ ወይም ወንዶቹ ይመጡላታል። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ስለሆነ የጥቅምት ጥያቄ ስለ ግልገሎቹ ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው ከጉዞው ቀደም ብሎ ቢሠራላትና ቁስሉ ቢደርቅ ጥሩ ነው።

ምላሽ 27፦ ጠያቂዋ ተመለሰች፣ ሁሉንም አመሰገነች። አሞራ ገደልም አውቶብሱም ቀርተዋል። ከኋላ ቤት የሚኖሩ፣ የማይጾሙ እትዬ የማድ ቤቱን ቁልፍ ሊይዙላት ተስማምተዋል። የሰፈሩ ልጅም ጠዋትና ማታ ሄዶ ያበላል፣ አሸዋውን ይቀይራል። ክትባቱን ቀደም ሲል አስከትባለች። አከራዮቿ ጓሮ የአይጥ መርዝ አስቀምጠው ኖሮ ስትጠይቃቸው አነሡት። የቀራት ቀዶ ሕክምናው ነው፤ ለእሱ ጊዜው ስላጠረ ስትመለስ ታሠራላታለች፣ እስከዚያው የማድ ቤቱን መስኮት በወንፊት ሽቦ ታስመታለች።

ምላሽ 28፦ የመጨረሻው የተማሪው ነው። ለእትዬና ለልጁ ማድ ቤቱ በር ላይ ወረቀት እንድትለጥፍ መከራት። ምን ያህል እንደምትበላ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ፣ የደሴው ስልክ ይጻፍበት። ለሕክምና የሚሆን ትንሽ ብር በፖስታ ይቀመጥ። ብታተኩስ ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት፤ ለሰው ልጅ መድኃኒት የሆነው ግማሽ ፍሬ ድመትን ይገድላል። ለውሻ ተብሎ የሚሸጠውን የቁንጫ ዱቄትም አይነስንሱባት። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ይደውሉላት፣ ሁለተኛውን ቀን አይጠብቁ። ከመሄዷ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ልጁ እሷ እያለች ያብላት፣ ውርዬ እጁን ትልመደው።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለልጁ የሚሰጠው ገንዘብ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ስትመለስ ይሁን፣ ከእትዬ ፊትም ይነገር። በየቀኑ ማታ አንድ ፎቶ ይላክላት። የሳህኑ ፎቶ ሳይሆን የድመቷ።